ተርሙክስ ሲፈተሽ፦ ላፕቶፕ የሌለው የወሎ ተማሪ ኮማንድ ላይንን በስልኩ ሊማር ይችላል?

ኮምፒውተር ሳይንስ፣ አይቲ ወይም ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ደርሶት ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ ግቢ የሚገባ ተማሪ ሁሉ ላፕቶፕ ይዞ አይመጣም። ስልክ ግን አለው፤ ብዙውን ጊዜም አንድሮይድ ነው። የላብ ሰዓት የተቆጠረ ነው፣ ከሰዓቱ ውጭ ላቡ ይቆለፋል፣ መብራት ከሄደ ደግሞ ዴስክቶፑ ሴቭ ያልተደረገውን ሥራ ይዞ ይጠፋል። የኦፕሬቲንግ ሲስተም ኮርስ ሲመጣ ግን ጥቁሩ መስኮት ፊት ቁጭ ብሎ መጻፍ ግዴታ ነው። ተርሙክስን፣ ማለትም አንድሮይድ ስልክ ላይ ትእዛዝ መጻፊያ መስኮት (ተርሚናል) የሚከፍተውን መተግበሪያ፣ የምንፈትሸው በዚህ ተማሪ ዓይን ነው፦ ዶርም ውስጥ አልጋ ላይ ተቀምጦ፣ በእጁ ባለው ስልክ ብቻ፣ የትእዛዝ መስመርን ሀሁ ሊቆጥር ይችላል ወይ?

ይችላል። ለመጀመሪያው ሴሚስተር ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ ያለው አጀማመሩ ላይ ነው። ከተሳሳተ ቦታ ያወረደው ሰው በመጀመሪያው ቀን ተስፋ ቆርጦ ያጠፋዋል፤ በትክክል የጫነው ግን ሥራው ሁሉ የት እንደሚቀመጥ ሳያውቅ ቆይቶ በአንድ ቀን ሙሉውን ሊያጣ ይችላል። ስለነዚህ ሁለቱ በሰፊው እንጽፋለን።

አንድ ማሳሰቢያ ይቅደም። ትእዛዞቹን እዚህ በአማርኛ ፊደል የጻፍናቸው ሲጠሩ እንደሚሰሙት ነው። በሰረዝ የተለያዩት ፊደል በፊደል የሚጻፉ ናቸው፤ «ኤል-ኤስ» ስንል ሁለት የላቲን ፊደላት ማለታችን ነው። ሰረዟ ራሷ አትጻፍም፤ በ«ተርሙክስ-» እና በ«ፕሩት-» በሚጀምሩት ስሞች ላይ ብቻ ትጻፋለች። «ሰረዝ» ብለን በቃል ስንጽፍ ግን ምልክቷ (-) ትጻፍ ማለታችን ነው። ስልኩ ላይ ሁሉም በላቲን ትንሹ ፊደል ይጻፋሉ። በትልቁ ፊደል ከተጻፉ ትእዛዙ አልተገኘም የሚል መልስ ይመጣል፤ ለማሽኑ ትልቁና ትንሹ ፊደል የተለያዩ ናቸውና።

ተርሙክስ በነጻ የሚገኝ፣ ማስታወቂያ የሌለው፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ መተግበሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ወጣ። ለልምምድ ተብሎ የተሠራ የውሸት ተርሚናል አይደለም፤ አንድሮይድ ራሱ የቆመው በሊኑክስ ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ላይ ስለሆነ፣ ተርሙክስ በዚያ ላይ እውነተኛውን ባሽ ሼል (የምትጽፉትን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽመውን ፕሮግራም) እና በማንኛውም የሊኑክስ ሰርቨር ላይ የሚገኙትን የተለመዱ መሣሪያዎች ይዞ ይነሳል። ዛሬ በስልክ የተለማመዳችሁት ግሬፕ (በፋይል ውስጥ ቃል የሚፈልገው ትእዛዝ) ነገ ሥራ ቦታ ሰርቨር ላይ የምታገኙት ግሬፕ ነው። ስልኩን ሩት ማድረግ (የስርዓቱን ሙሉ ሥልጣን መክፈት) አያስፈልግም፤ አድርጉ የሚላችሁን ሰው አትስሙ።

ከየት ይወርዳል?

የሚመከረው ኤፍ-ድሮይድ ከሚባለው የነጻ ሶፍትዌር ማከማቻ፣ አለዚያም የፕሮጀክቱ ኮድ ከተቀመጠበት የጊትሃብ ገጽ ነው። ፕሌይ ስቶር ላይም አለ፤ ግን የዚያኛው ታሪክ የተለየ ነው። ጉግል ለአንድሮይድ 10 ባወጣው ደንብ መሠረት አንድ መተግበሪያ ራሱ ጽፎ ያስቀመጠውን ፋይል እንደ ፕሮግራም ማስኬድ ተከለከለ። የተርሙክስ ሥራ ደግሞ በትክክል ይኸው ነው፦ ፓኬጅ (ተጠቅልሎ የሚወርድ ፕሮግራም) አውርዶ፣ በራሱ ፎልደር አስቀምጦ ማስኬድ። ስለዚህ የፕሌይ ስቶሩ እ.ኤ.አ. በ2020 ዝመናው ቆመ፤ ቆይቶም ለአንድሮይድ 11 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ስልኮች የተለየ ቅጂ ሆኖ ተመለሰ። ከጓደኛ ስልክ በዜንደር የተላለፈ አሮጌ ቅጂ የጫነ ተማሪ ፓኬጅ ለመጫን ሲሞክር «ማከማቻው አይገኝም» የሚለውን ስህተት የሚያየው በዚሁ የተነሳ ነው። መፍትሔው አሮጌውን አጥፍቶ ከኤፍ-ድሮይድ እንደ አዲስ መጫን ነው። በላዩ ላይ መጫን አይቻልም፤ የሁለቱ ዲጂታል ፊርማ (የሠሪው ማኅተም) ስለሚለያይ አንድሮይድ አይቀበለውም። የኤፍ-ድሮይዱና የጊትሃቡም እንዲሁ ፊርማቸው ይለያያል፤ አንዱን መርጣችሁ በዚያው ጽኑ።

ስልኩ አንድሮይድ 7 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። የኤፍ-ድሮይዱ ፋይል ለአራት ዓይነት ፕሮሰሰር የሚሆነውን ሁሉ አንድ ላይ ስለያዘ መቶ ሜጋባይት አካባቢ ይመዝናል። ዳታ የሚቆጥብ ሰው ጊትሃብ ላይ ለየፕሮሰሰሩ ተለይቶ የተቀመጠውን ይውሰድ፤ የዚያ ሲሶ ያህል ነው። አሁን በእጅ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ስልኮች «አርም 64» የሚለው ይሆናቸዋል። ሲጫን «ለአሮጌ አንድሮይድ የተሠራ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ሊመጣ ይችላል። ይህም የመጣው ከላይ በተጠቀሰው ደንብ ምክንያት ነው፤ ፋይሉ ከትክክለኛው ቦታ የወረደ ከሆነ ዝርዝሩን ከፍታችሁ መቀጠል ትችላላችሁ።

ከቴሌግራም ቻናል የሚገኘውን «የተሻሻለ ተርሙክስ» ግን አትንኩ። እንደዚሁም ቻናሎቹ ላይ «ይህን መስመር ኮፒ አድርገህ ለጥፍ፣ ሃከር ትሆናለህ» የሚሉት ነገሮች ከኢንተርኔት ያልታወቀ ስክሪፕት አውርደው በቀጥታ የሚያስኬዱ ናቸው። ለተርሙክስ የፋይል ፈቃድ ሰጥታችሁ ከሆነ ስክሪፕቱ ፎቶዎቻችሁንም ማየት፣ መላክ፣ ማጥፋት ይችላል። ምን እንደሚሠራ አንብባችሁ ያልገባችሁን መስመር አታስኪዱ።

የመጀመሪያው ሰዓት

ሲከፈት ጥቂት ፋይል ይፈታና የዶላር ምልክት ($) ላይ ይቆማል። ትእዛዝ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። መጀመሪያ የሚጻፈው «ፒ-ኬ-ጂ አፕግሬድ» ነው። የመጣውን ሳያድሱ ሌላ ፓኬጅ መጫን ጀማሪዎችን በብዛት የሚጥል ስህተት ነው፤ አዲሱ ፕሮግራም አዲስ ላይብረሪ ይፈልጋል፣ ስልኩ ላይ ያለው አሮጌ ነው፣ ውጤቱም «ካንኖት ሊንክ ኤክሰኪዩተብል» የሚል ረጅም ጩኸት ይሆናል። ሲያጋጥም መድኃኒቱ ያው አፕግሬድ ነው።

እድሳቱ ዳታ ይበላል። ስለዚህ በግቢ ዋይፋይ፣ ተማሪ በማይበዛበት ሰዓት፣ ካልሆነም በሌሊት ጥቅል አድርጉት። ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት ምን ያህል ሜጋባይት እንደሚያወርድና ሲጫን ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ጽፎ «ልቀጥል?» ብሎ ይጠይቃል። ይህችን መስመር ሳታነቡ «ዋይ» አትበሉ፤ ካርዳችሁ የሚተርፈው እዚህች ላይ ነው። ማውረዱ ከተንቀራፈፈ «ተርሙክስ-ቼንጅ-ሪፖ» ብላችሁ ሌላ የማከማቻ ግልባጭ ምረጡ። ከተጫነ በኋላ «ፒ-ኬ-ጂ ክሊን» ሲባል የወረዱት የመጫኛ ፋይሎች ተጠርገው ቦታ ይለቀቃል።

በእድሳቱ መሃል ሁለት ነገር ያስደነግጣል። አንደኛው፣ አንድ የቅንብር ፋይል ጠቅሶ የነበረው ይቆይ ወይስ አዲሱ ይግባ ብሎ በፊደላት ዝርዝር ይጠይቃል። ምንም ያልነካካችሁ ከሆነ ኢንተር ብቻ ተጫኑና እለፉ። ሁለተኛው የኔትወርክ ወይም የባትሪ መቋረጥ ነው። ማውረዱ ላይ ከተቋረጠ ጉዳት የለውም፤ ትእዛዙን መድገም ብቻ ነው። መጫኑ ላይ ከተቋረጠ ግን ቀጥሎ የሚጻፍ ሁሉ እንቢ ይላል። ያን ጊዜ «ዲ-ፒ-ኬ-ጂ» ብሎ ክፍተት፣ ሁለት ሰረዝ «ኮንፊገር»፣ ክፍተት፣ ሰረዝ «ኤ» ይጻፋል፤ በግማሽ የቀሩትን ተራ በተራ ይጨርሳቸዋል።

ለጀማሪ የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር አብሮ ስለሚመጣ ብዙ አትጫኑ። ናኖ የሚባለው የጽሑፍ ማረሚያ አለ፣ ግሬፕ አለ፣ መስመሮችን በፊደል ተራ የሚደረድረው ሶርት አለ። መጨመር የሚገባው ማንዶክ ነው፤ የየትእዛዙን መመሪያ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያገለግላል። የኮድ ለውጥን የሚመዘግበው ጊት ቀጥሎ ይምጣ። ፓይተንና ለሲ ፕሮግራሚንግ የሚሆነው ክላንግ እስኪያስፈልጉ ይቆዩ፤ በተለይ ክላንግ ብዙ መቶ ሜጋባይት ይይዛል። 2 ጊጋባይት ባዶ ቦታ የሌለው ስልክ ላይ ከዚህ በላይ መጫን አያዋጣም።

ስለ ኪቦርዱ

የተርሙክስ ትልቁ ድካም ጣት ላይ ነው። የስልክ ኪቦርድ ታብና ኮንትሮል የለውም። ገንቢዎቹ ይህን በሁለት መንገድ አቃለውታል። ከኪቦርዱ በላይ ሁለት ረድፍ ተጨማሪ ቁልፍ ይታያል፤ እዚያ ላይ ኢስኬፕ፣ ታብ፣ ኮንትሮል፣ አልትና አራቱ ቀስቶች አሉ። በተጨማሪም ድምፅ መቀነሻው ቁልፍ እንደ ኮንትሮል ይሠራል፤ እሱን ይዞ «ሲ» መጫን የሚሮጠውን ፕሮግራም ያቆማል።

ታብን ከመጀመሪያው ቀን ልመዱት። የፋይሉን ስም ሁለት ሦስት ፊደል ጽፎ ታብ መጫን ቀሪውን ይሞላል። ካልሞላው ወይ ስሙ ተሳስቷል ወይ በዚያው ፊደል የሚጀምር ሌላ አለ፤ ሁለቴ ሲጫኑት ሁሉንም ያሳያል። ወደ ላይ የሚያመለክተው ቀስት ያለፈውን ትእዛዝ መልሶ ያመጣል። በእነዚህ በሁለቱ ብቻ የስልክ ላይ መተየብ ሥቃይ በግማሽ ይቀንሳል።

አማርኛ መጻፍ ይቻላል፣ ግን አንድ ጣጣ አለው። ብዙዎቹ የአማርኛ ኪቦርዶች ተነባቢውንና አናባቢውን አዋህደው ፊደል ይሠራሉ፤ ተርሙክስ ደግሞ ቁልፉን እንደተነካ ስለሚወስድ ፊደሉ ሊዛባ ይችላል። ተጨማሪ ቁልፎቹን ረድፍ ወደ ግራ ስትገፉት የጽሑፍ ሳጥን ይወጣል። አማርኛውን እዚያ ጽፋችሁ ኢንተር ስትሉ በትክክል ይገባል። ፊደሎቹ ለላቲን በተለካ ጠባብ ቦታ ስለሚቀመጡ ትንሽ ተጨፍልቀው ይታያሉ፤ በሁለት ጣት ስክሪኑን ከፈት ብታደርጉት ይሻላል።

ዩ-ኤስ-ቢ ኪቦርድ ያለው ሰው በኦ-ቲ-ጂ ገመድ ከስልኩ ጋር ቢያገናኘው ሌላ ዓለም ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ የስልክ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ገመዱን ይይዛሉ። ከመግዛታችሁ በፊት የስልኩን ጉድጓድ ዓይነት እዩ፣ እዚያው ሱቅ ውስጥም አንድ ኪቦርድ ወይም ፍላሽ ሰክታችሁ ሞክሩ፤ ኦ-ቲ-ጂ የማይቀበሉ ስልኮች አሉ።

ምን ያስተምራል?

መንገድን ያስተምራል፤ በዚህ እንጀምር። «ፒ-ደብሊው-ዲ» የቆማችሁበትን ይነግራል፣ «ኤል-ኤስ» በዙሪያችሁ ያለውን ያሳያል፣ «ሲ-ዲ» ወደ ሌላ ፎልደር ይወስዳል፣ «ኤም-ኬ-ዲር» አዲስ ፎልደር ይሠራል። ለልምምድ «ኤም-ኬ-ዲር ሰረዝ ፒ» ብላችሁ «ወሎ/ተሁለደሬ/ሐይቅ» ብትጽፉ ሦስቱ ፎልደሮች አንዱ በአንዱ ውስጥ ይሠራሉ። «ሰረዝ ፒ» ከሌለ ግን እምቢ ይላል፤ ወሎ ሳይኖር ተሁለደሬን የት ላስቀምጠው ነው ጥያቄው። ከ/ የሚጀምር መንገድ ከአገር ጀምሮ እስከ ቀበሌ እንደሚጻፍ ሙሉ አድራሻ ነው፤ የትም ብትሆኑ ወደዚያው ያደርሳል። ያለ / የሚጀምረው ደግሞ ደሴ ውስጥ «ዝቅ ብለህ ወደ ግራ» እንደሚባለው ነው፤ ትርጉሙ የቆማችሁበት ቦታ ላይ ይወሰናል። ነጥብ ሁለት ጊዜ ተደጋግሞ (..) ሲጻፍ አንድ ደረጃ ወደ ላይ መውጣት ነው።

አሁን «ሲ-ዲ» ብላችሁ «ወሎ/ተሁለደሬ/ሀይቅ» ጻፉ። «ኖ ሰች ፋይል ኦር ዳይሬክተሪ» ይላል። ለአንባቢ ሐይቅና ሀይቅ አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን «ሐ» እና «ሀ» ምንም ዝምድና የላቸውም። ይህ ነገር በአማርኛ ስም ፋይል የሚያስቀምጥ ሰው ሁሉ የሚገጥመው ነው። ፍለጋ ላይም ይመጣል፦ ግሬፕን «ሰላም» የሚለውን ፈልግ ብትሉት «ሠላም» ተብሎ የተጻፈውን ያልፈዋል። «[ሰሠ]ላም» ብላችሁ በጥቅስ ውስጥ ብትሰጡት ግን ሁለቱንም ያወጣል፤ ቅንፉ «ከነዚህ አንዱ» ማለት ነው። ስለ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን (የፍለጋ ንድፍ አጻጻፍ) ብዙ ሰዓት ሌክቸር ከመስማት ይህችን አንድ ምሳሌ መሞከር የበለጠ ያስጨብጣል።

ሁለተኛው ወጥመድ ክፍተት ነው። ባዶ ፎልደር ውስጥ «ኤም-ኬ-ዲር ሰሜን ወሎ» የሚል ትእዛዝ «ሰሜን» እና «ወሎ» የሚሉ ሁለት ፎልደሮች ይሠራል። ቀጥሎ «ደቡብ ወሎ» ስትሉ «ደቡብ»ን ሠርቶ «ወሎ ቀድሞም አለ» ብሎ ያማርራል። ሼሉ ቃላትን የሚለየው በክፍተት ስለሆነ ስሙን በጥቅስ ምልክት መክበብ ወይም በክፍተቱ ፋንታ ታች ሰረዝ መጠቀም ያስፈልጋል። ይህ ስህተት ሲፈጠር ቀላል ይመስላል፤ ከማጥፊያው ትእዛዝ ጋር ሲገናኝ ግን አደገኛ ነው፣ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ሌላው ጥሩ ትምህርት ትእዛዞችን ማያያዝ ነው። ናኖን ከፍታችሁ አራቱን ቅኝቶች በአራት መስመር ጻፉ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ነጠላ ሰረዙን ተዉት። በኮንትሮልና «ኦ» ስም ሰጥታችሁ፣ ኢንተር ብላችሁ አስቀምጡ፣ በኮንትሮልና «ኤክስ» ውጡ። ፋይሉን «ሶርት» ስታደርጉት ባቲ፣ ትዝታ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ብሎ ያወጣል፤ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ፊደሉን በሀሁ ተራ ስላስቀመጠው አማርኛ በቅደም ተከተሉ ይደረደራል። አሁን «ደብሊው-ሲ» በሉት። 4 መስመር፣ 5 ቃል፣ 50 ባይት ይላል። ፊደሎቹን በጣት ብትቆጥሩ ግን 15 ናቸው። ከየት መጣ 50? አንድ የግዕዝ ፊደል ፊደላት ወደ ባይት በሚለወጡበት በዩ-ቲ-ኤፍ 8 ስርዓት ውስጥ 3 ባይት ይይዛል፤ 15 በ3 ሲባዛ 45፣ በ«አንቺ» እና በ«ሆዬ» መካከል ያለችው ክፍተት 1፣ አራቱ የመስመር መጨረሻዎች 4። «ሰረዝ ኤም» ብትጨምሩበት በባይት ፋንታ ቁምፊ ቆጥሮ 20 ይላል። አንድ የፋይል ስም ከ255 ባይት ማለፍ ስለማይችል በአማርኛ ፊደል 85 ላይ የሚያበቃው በዚሁ ስሌት ነው። ባይትና ፊደል አንድ አለመሆናቸውን ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ የላቲን ምሳሌ የለም፤ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ የተለማመደ ተማሪ ልዩነቱን ሳያየው ሊመረቅ ይችላል።

ቀጥ ያለችው መስመር (|) የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሚቀጥለው ታቀብላለች። ቀኝ የሚያመለክተው ምልክት (>) ውጤቱን ፋይል ውስጥ ይጽፋል፤ ግን ፋይሉ ውስጥ የነበረውን አጥፍቶ ነው። ሁለቱ ተደራርበው (>>) ሲጻፉ ከነበረው ሥር ይጨምራሉ። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው አንድ ቀን የሚወድቅበት ነገር አለ፦ አንድን ፋይል «ሶርት» አድርጎ ውጤቱን በ> ወደዚያው ፋይል መመለስ። ፋይሉ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ሼሉ ሶርት ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የሚጻፍበትን ፋይል ከፍቶ ባዶ ያደርገዋል፤ ሶርት ሲደርስ የሚያነበው ነገር የለም። ሌላ ስም ስጡት፣ ወይም የሶርትን «ሰረዝ ኦ» ተጠቀሙ።

የሚያበላሹ ነገሮች

«አር-ኤም» ያጠፋል። ሪሳይክል ቢን የለም፣ «እርግጠኛ ነህ?» የለም። «ላብ» በሚል የሚጀምሩትን ሁሉ ለማጥፋት «አር-ኤም ላብ*» ሊጻፍ የታሰበው በጣት ስህተት «አር-ኤም ላብ *» ከሆነ፣ ያቺ አንዲት ክፍተት «ላብ የሚባለውንና እዚህ ያለውን ፋይል ሁሉ አጥፋ» አድርጋዋለች። መከላከያው ቀላል ነው፤ መጀመሪያ በ«ኤል-ኤስ» ያንኑ ስም ጽፋችሁ የሚወጣውን ዝርዝር እዩ፣ ከዚያ በላይኛው ቀስት መልሳችሁ «ኤል-ኤስ»ን ወደ «አር-ኤም» ቀይሩ። ለጀማሪ ደግሞ «ሰረዝ አይ» ይጨመር፤ አንድ በአንድ እየጠየቀ ያጠፋል።

«ተርሙክስ-ሴትአፕ-ስቶሬጅ» የሚለው ትእዛዝ የስልኩን ማከማቻ በር ይከፍታል። «ስቶሬጅ» የሚባል ፎልደር ይሠራና በውስጡ ወደ ዳውንሎድ፣ ወደ ፎቶ፣ ወደ ሙዚቃ የሚያደርሱ አቋራጮች ያስቀምጣል። ጠቃሚ ነው፣ አድርጉት። ግን እዚያ ውስጥ ገብታችሁ በኮከብ አታጥፉ፤ የሚጠፋው እውነተኛው ፎቷችሁ ነው።

የሲ ፕሮግራም ሠርተው «ፐርሚሽን ዲናይድ» የሚገጥማቸው ተማሪዎች ችግር አብዛኛውን ጊዜ ቦታው ነው። ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ያለ ፋይል እንደ ፕሮግራም እንዲሄድ አንድሮይድ አይፈቅድም፤ የፋይል ፈቃድ በሚቀይረው «ሲ-ኤች-ሞድ» ብትሉትም አይሰማም። ፋይሉን በ«ሲ-ፒ» ወደ ቤታችሁ፣ ማለትም ተርሙክስ ሲከፈት ወደምትቆሙበት ፎልደር (~)፣ ቅዱትና እዚያ በክላንግ ኮምፓይል አድርጉት። መምህሩ «ጂ-ሲ-ሲ» ብሎ ቢሰጥም ግድ የለም፤ ተርሙክስ ውስጥ በዚያ ስም ሲጠራ ክላንግ ይመልሳል። ሌላም ልዩነት አለ፦ ቤታችሁ ውስጥ ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል ይለያያሉ፣ የጋራው ማከማቻ ላይ ግን አንድ ናቸው። ቤት ውስጥ ሁለት የነበሩ ፋይሎች ወደ ዳውንሎድ ሲቀዱ አንዱ በሌላው ላይ ሊጻፍ ይችላል።

አንድሮይድ 12 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ስልኮች ላይ ተርሙክስ ሥራ መሃል «ሲግናል 9» ብሎ ሊዘጋ ይችላል። ስርዓቱ መተግበሪያዎች የሚያስነሷቸውን ንዑስ ሂደቶች በጠቅላላ 32 ላይ ገድቦ ትርፉን ስለሚገድል ነው። በአዳዲሶቹ ላይ በአልሚ አማራጮች ውስጥ ገደቡን የሚያነሳ ማብሪያ ይገኛል። ከዚያ በፊት ግን የባትሪ ቁጠባውን ለተርሙክስ አጥፉ፤ ባትሪ ለመቆጠብ ከበስተጀርባ ያለውን ሁሉ የሚዘጋ ስልክ ይህንንም ይዘጋዋልና።

ከላብ ማኑዋል ጋር የማይስማማበት

ማኑዋሉ ለኡቡንቱ የተጻፈ ከሆነ እንዳለ አይሠራም። «ሱዱ» (በአስተዳዳሪ ሥልጣን አስኪድ) የሚለውን ቃል ጣሉት፤ እዚህ ያለው ተጠቃሚ አንድ ብቻ ነው፣ አስተዳዳሪ የለም። ስለዚህ ተጠቃሚ መፍጠር፣ ግሩፕ መመደብ፣ ሰርቪስ በ«ሲስተም-ሲ-ቲ-ኤል» ማስነሳት አይቻልም። / ላይ «ኤል-ኤስ» ብትሉ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይላል፤ የዛፉን ሥር ማየት አንድሮይድ ከልክሏል። ማኑዋሉ በ/ «ኢ-ቲ-ሲ» ስር ያለ ፋይል ክፈት ካለ ተርሙክስ ውስጥ የዚያ ምትክ ያለው «ፕሪፊክስ» በሚባለው ተለዋዋጭ ስር ነው፤ «ኤኮ» ብላችሁ ክፍተት፣ ከዚያ የዶላር ምልክትና ስሙን በትልቅ የላቲን ፊደል አያይዛችሁ ብትጽፉ ቦታውን ያሳያችኋል።

የፋይል ፈቃድ ትምህርት ግማሽ በግማሽ ይሄዳል። «ሲ-ኤች-ሞድ» ቤት ውስጥ በትክክል ይሠራል፣ «ኤል-ኤስ ሰረዝ ኤል» ፈቃዶቹን ያሳያል፤ የሌላ ተጠቃሚ ፋይል ላይ መከልከልን ግን መሞከር አይቻልም። ይህን ክፍል ለላብ ሰዓት አስቀምጡት። «ፕሩት-ዲስትሮ» የሚባለው ፓኬጅ በተርሙክስ ውስጥ ሙሉ ኡቡንቱ ይጭናል፤ ዳታና ቦታ ላለው ይሆናል፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ግን አያስፈልግም።

ላፕቶፕ ያለው ጓደኛ ካለ ስልኩን እንደ ትንሽ ሰርቨር መጠቀም ይቻላል፤ በእኛ ሚዛን የተርሙክስ ምርጡ ነገር ይኸ ነው። ከሌላ ማሽን በኔትወርክ ለመግባት የሚያስችለውን «ኦፕን-ኤስ-ኤስ-ኤች» የሚለውን ፓኬጅ ጫኑ፣ በ«ፓስ-ደብሊው-ዲ» የይለፍ ቃል አውጡ፣ «ኤስ-ኤስ-ኤች-ዲ» ብላችሁ አስነሱ። የስልኩን ሆትስፖት ክፈቱ፣ ዳታውን ግን አጥፉት፤ ላፕቶፑና ስልኩ ለመነጋገር ኢንተርኔት አያስፈልጋቸውም፣ አንድ ሳንቲም አይቆረጥም። ከላፕቶፑ «ኤስ-ኤስ-ኤች ሰረዝ ፒ 8022» ብሎ የስልኩን ተጠቃሚ ስምና አድራሻ መስጠት ነው። ስሙን ስልኩ ላይ «ሁ-አም-አይ» ይነግራችኋል። የበር ቁጥሩ (ፖርቱ) 8022 የሆነው ከ1024 በታች ያሉትን በሮች ያለ ሩት መክፈት ስለማይቻል ነው፤ የተለመደውን 22 የሚሞክር ሰው «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ይባላል። የግቢ ዋይፋይ ላይ ብዙ ጊዜ መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ስለሚደረግ በዚያ ካልሄደ አትገረሙ። ስትጨርሱ «ፒ-ኪል ኤስ-ኤስ-ኤች-ዲ» ብላችሁ ዝጉት።

ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ምን ያድርግ? ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ያለው በዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያስኬደውን «ደብሊው-ኤስ-ኤል»ን ይጫን፤ ከተርሙክስ የተሻለ ነው፣ ሱዱም ተጠቃሚ መፍጠርም አለው። የላብ ማሽኖች ላይ ጊት ባሽ (ለዊንዶውስ የተዘጋጀ ባሽ) ካለ ለመሠረታዊዎቹ ትእዛዞች ይበቃል። ተርሙክስ የሚያሸንፈው መብራት በሌለበት ማታ፣ ከዶርም ሳይወጡ፣ ያለ ዳታ በመሥራቱ ነው። አንዴ ከተጫነ በኋላ ከላይ የዘረዘርናቸው ልምምዶች በሙሉ ኢንተርኔት አይፈልጉም።

የቀረው ሥራን ማስቀመጥ ነው። ተርሙክስን ስታጠፉት ወይም በስልኩ ሴቲንግ «ክሊር ዳታ» ስትሉ ቤታችሁ ውስጥ ያለው በሙሉ ይሄዳል፤ የስልኩ ጋለሪም ሆነ ፋይል ማናጀር አይመልሰውም። ስለዚህ በየሳምንቱ የሥራ ፎልደራችሁን ጠቅልላችሁ አውጡ። «ታር ሰረዝ ሲ-ዜድ-ኤፍ» ብላችሁ ክፍተት፣ በ~/ስቶሬጅ/ዳውንሎድስ ስር የሚቀመጠውን የጥቅሉን ስም፣ ክፍተት፣ ከዚያ የሥራ ፎልደሩን ስም ጻፉ። ቅደም ተከተሉ አይገልበጥ፤ ከ«ኤፍ» ቀጥሎ የሚመጣው ሁልጊዜ የጥቅሉ ስም ነው፣ በዚያ ቦታ ነባር ፋይል ከተጻፈ በላዩ ላይ ይጻፍበታል። ከዚያ «ታር ሰረዝ ቲ-ዜድ-ኤፍ» ብላችሁ ጥቅሉን ሳትፈቱ ውስጡን እዩ፤ ዝርዝሩ ያለ ስህተት እስከ መጨረሻው ፋይል ከወጣ ደህና ነው። ጥቅሉን ከዳውንሎድ ፎልደር ወደ ቴሌግራም ሴቭድ መሴጅ ላኩት፣ ስልኩ ቢጠፋም እዚያ ይገኛል። አዲሱ ስልክ ላይ ተርሙክስን ጭናችሁ፣ አፕግሬድ አድርጋችሁ፣ የማከማቻውን በር ከፍታችሁ «ታር ሰረዝ ኤክስ-ዜድ-ኤፍ» ስትሉት ፎልደሩ ከነውስጡ ተመልሶ ይከፈታል፤ ፓኬጆቹን ግን እንደገና ማውረድ ያስፈልጋል፣ ዳታውን ለዚያ አስቡበት።